ጀበናው ከተተኮሰ በኋላ ነጭ ነጥብ እያወጣ ይረግፋል፤ እሳቱ ነው አፈሩ?

ጠያቂ (ድሬዳዋ፣ ሳቢያን)፦ ሰላም ወገኖች። አፈር የማመጣው ከከተማው ዳር፣ ከተራራው ሥር ነው። ጀበናው ከእሳት ሲወጣ ደህና ነው፤ በሦስት በአራት ቀኑ ግን ላዩ ቅርፊት እያነሣ ይረግፋል፣ በረገፈበት መሃል ነጭ ነጥብ ይታያል። ከሐረር በኩል የመጣ መረሬ (ጥቁር የሚጣበቅ አፈር) እኩል በእኩል ስቀላቅል ደግሞ ምጣዱ ገና ሲደርቅ ተሰነጠቀ።

መልስ 1 (ሐረር)፦ አፈሩ ነው እህቴ፤ ግን ሁለቱ ችግር አንድ አይደለም። ነጩ ነጥብ ኖራ ነው። የድሬ ተራሮች የኖራ ድንጋይ ይበዛባቸዋል፤ ሲሚንቶ የሚሠራውም ከሱ ነው። ፍርፋሪው ከ800 ዲግሪ በላይ ሲግል ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይለቅና ውሃ የሚጠማ ኖራ ሆኖ ይቀራል። በኋላ ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ያብጣል፣ ቅርፊቱን ገፍቶ ይጥለዋል። ደረቅ አፈር ዘርግተሽ አቸቶ ጠብ አድርጊበት፤ ኖራ ያለበት ይፈላል፤ የቱ ጋ እንደሚፈላ ልብ በይ።

መልስ 2 (ድሬዳዋ፣ ከዚራ)፦ ስለ መረሬው፦ የሚበዛበት ማዕድን ሞንትሞሪሎናይት ነው። ቅንጣቱ ስስ ንብርብር ነው፤ ውሃ በንብርብሩ መሃል ገብቶ ያሳብጠዋል፣ ሲደርቅ ያንኑ ያህል ይኮማተራል። በሌላው የሸክላ ማዕድን በካኦሊናይት ግን ንብርብሩ ጥብቅ ስለሆነ ውሃው ላዩን ብቻ ያርሰዋል። ለክተሽ እዪው፦ ከቦካው ጭቃ 14 ሳንቲሜትር ጠፍጣፋ ሠርተሽ ላዩ ላይ 10 ሳንቲሜትር መስመር ጫሪ፣ ጥላ ውስጥ አድርቂ። መስመሩ 9.4 ከሆነ ደህና ነው፤ ከ9 ካነሰ ምጣድ አይወጣውም። መረሬውን ከአምስት አንድ እጅ አውርጂው፣ የተወቀጠ ገል ደግሞ ከአራት አንድ እጅ ጨምሪ። ገል አንዴ ስለተተኮሰ አይኮማተርም።

ጠያቂ፦ አቸቶው የፈላው ጠጠሮቹ ላይ ብቻ ነው፤ ዱቄቱ ዝም አለ።

መልስ 1፦ እሰይ! ይድናል ማለት ነው። አፈሩን ሳትወቅጪ በውሃ ዘፍዝፊው፤ ከወቀጥሽው ኖራውን አብረሽ ትበትኚዋለሽ። ሲሟሟ በስስ ሻሽ አጥልይው፣ እስኪረጋ ጠብቀሽ ውሃውን ድፊ። ልሞ የደቀቀ ኖራ ብዙም አይጎዳም፤ ቅርፊት የሚያነሣው ጠጠሩ ነው።

መልስ 3፦ እሳቱንም ያዥው። ዕቃው ጠቆር ያለ ቀይ ሲሆን ይበቃዋል፤ ወደ ብርቱካናማ ከተሻገረ ኖራውን አቃጠልሽው። እሳቱ እንዳያንስም ተጠንቀቂ፤ በደንብ ያልተተኮሰ ሸክላ ውሃ ሲነካው ተመልሶ ጭቃ ይሆናል።

መልስ 2፦ አንድ ነገር፦ ገል አጣሁ ብለሽ የደጨቱን ወንዝ አሸዋ እንዳትጨምሪ። ወንዙ ከዚያው ተራራ ስለሚወርድ ያጠለልሽውን ኖራ መልሶ ያመጣብሻል። ግድ ከሆነም መጀመሪያ አቸቶ አስነኪው።