እማዬ ሽሮ ላይ የባሕር አረም ልጨምርላት ወይ?

የአራት ኪሎዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከእናቴ ጋር አራት ኪሎ ነው የምንኖረው። 71 ዓመቷ ነው። ካለፈው ክረምት ወዲህ መርሳት አብዝታለች። ቡና ጥዳ ትረሳለች። ባለፈው እሑድ ከሥላሴ ስትመለስ የቤታችን መታጠፊያ ጠፋባት። መንገዱ በኮሪደር ልማቱ ስለተቀየረ ይሆናል ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ። ግን እሷ በዚያ ሰፈር 40 ዓመት ተመላልሳለች።

ኮሪያ ያለው ወንድሜ ሁለት ነገር ላከልን። አንዱ የደረቀ ወፍራም የባሕር አረም ነው፤ ጃፓኖች ኮምቡ የሚሉት። ሌላው ፉኮይዳን የሚባል ካፕሱል ነው። «አንጎል ይጠብቃል፤ ኮምቡውን ፈጭተሽ ሽሮዋ ላይ ጨምሪላት» አለኝ። የሚጠቅማት ከሆነ ዛሬውኑ እጀምራለሁ። አንድ ነገር ብቻ አሳሰበኝ። እማዬ ከልጅነቷ ጀምሮ እንቅርት አለባት። አሞኝ አያውቅም ስለምትል ታይታበትም አታውቅም። የግፊት መድኃኒት ግን ትወስዳለች። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ፋርማሲስት ከካዛንቺስ፦
እህቴ፣ ኮምቡውን እንዳትሰጫቸው። አንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው አዮዲን 150 ማይክሮግራም ነው። አንድ ግራም ደረቅ ኮምቡ ብዙ ጊዜ ከ1,000 በላይ ይይዛል። አንድ ቁንጥር ማለት ነው እኮ!

እንቅርት ያለበት ሰው ደግሞ ለብቻው ይታያል። አዮዲን ተርቦ የኖረ ታይሮይድ፣ ማለትም እንቅርት የሚያብጥበት የአንገት ዕጢ ውስጥ እያደር በራሳቸው የሚሠሩ እባጮች ይፈጠራሉ። በአንዴ ብዙ አዮዲን ሲያገኙ ሆርሞኑን ያለ ልክ ያመርታሉ። ልብ ይመታል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ሰውነት ይከሳል። በእሳቸው ዕድሜ የልብ ምት መዛባትም ሊያመጣ ይችላል። አዮዲን ያለው ጨው ከምንበላው ጋር አታምታቺው፤ መጠኑ አይገናኝም።

ካፕሱሉንም ያዝ አድርጊው። ፉኮይዳን ደም የማቅጠን ጠባይ አለው። ዋርፋሪን ወይም አስፕሪን ይወስዳሉ?

ላብራቶሪ የምሠራ፦
ወንድምሽ ከመሬት ተነስቶ አላወራም። እንደ ኮምቡ ባለ ቡናማ የባሕር አረም ውስጥ ፉኮይዳን፣ ፉኮዛንቲንና ፍሎሮታኒን የሚባሉ ነገሮች አሉ። ሳህን ላይ በሚያድጉ የነርቭ ሴሎችና በአይጦች ላይ ብግነትን ሲቀንሱ፣ ሴሎችንም አልዛይመር ላይ ከሚከማቸው ፕሮቲን ጉዳት ሲከላከሉ ታይተዋል። እኔም ሳነብ ልቤ ይሞላል። ግን ከአይጥ እስከ ሰው ሩቅ ነው። የተበላው ነገር ስንቱ ከአንጀት አልፎ አንጎል ይደርሳል የሚለው ራሱ ከባድ ጥያቄ ነው።

ወደ ሰው ከደረሱት ዋናው የቻይናው መድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ከቡናማ የባሕር አረም የተሠራ መድኃኒት ለአልዛይመር በቅድመ ሁኔታ ፈቀዱ። ሙከራው 818 ሰዎችን ለ36 ሳምንት የተከታተለ ነበር። ብዙ ተመራማሪዎች ውጤቱን ተጠራጠሩ። በሌሎች አገሮች የተጀመረው ትልቅ ሙከራም በ2022 ተቋረጠ።

ከባሕር የመጣ ሁሉ ለአንጎል ደግ አይደለም። ካይኒክ አሲድ የተገኘው ከቀይ የባሕር አረም ነው። ጃፓን ውስጥ የወስፋት መድኃኒት ነበር። ዛሬ አይጦች ላይ የሚጥል በሽታ ለመቀስቀስ ላብራቶሪ ውስጥ ይጠቀሙበታል።

አባቱን ያስታመመ፦
እኔ የምጠይቅሽ ሌላ ነው። መርሳቱ ራሱ ተመርምሯል? አባቴን አንድ ክሊኒክ «እርጅና ነው» ብሎ መለሰን። ስምንት ወር አባከንን። ሌላ ቦታ ደሙ ሲታይ ቢ12 በጣም ዝቅ ብሎ ተገኘ። ዕድሜ ልኩን አጽዋማቱን ሳያጓድል የጾመ ሰው ነው፤ ቢ12 ደግሞ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላል ነው። መርፌ ጀመረ። ሁሉም አልተመለሰለትም። የልጅ ልጆቹን ስም ግን መልሶ መጥራት ጀመረ። የታይሮይድ ሆርሞን ማነስም እንዲሁ ያስረሳል። እማማ ደግሞ እንቅርት አለባቸው። ሁለቱንም አስለኪላቸው፣ እባክሽ።

የአራት ኪሎዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ዋርፋሪንም አስፕሪንም አትወስድም፤ ካፕሱሉን ግን አልከፈትኩትም። ኮምቡውን አሽጌ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀልኩት። ወንድሜ ስነግረው ዝም አለ፤ ከዚያ «የምርመራውን እኔ እከፍላለሁ» አለኝ። ዛሬ ጠዋት ለታይሮይድም ለቢ12ም ደም ሰጠች። ውጤቱ ሐሙስ ነው። ነርሷን ሦስት ጊዜ «ስምሽ ማን ነው ልጄ?» አለቻት። ልጅቷም ሦስቱንም ጊዜ እንደ አዲስ ነገረቻት።