ወደ ሥራ የምነዳው ማይል ከታክስ ይቀነስልኛል?

ጥያቄ፤ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ሰላም ለሁላችሁ። ቀን ሆስፒታል ኪችን ውስጥ እሠራለሁ፣ ደብሊው ቱ ነው፣ ማለትም ታክሱ ከደመወዜ የሚቆረጥብኝ ተቀጣሪ ነኝ። ማታና ቅዳሜ ኡበር እነዳለሁ። ከቤቴ ሆስፒታሉ ደርሶ መልስ 40 ማይል ነው። አንድ ጓደኛዬ እንደ እኔ ተቀጣሪ ነው፣ ኡበር እንኳን አይነዳም። ታክስ የሚሠራለት ሰው ወደ ሥራ የሚነዳውን ሁሉ እያስገባለት ሪፈንዱ በጣም ጨምሯል። እኔ የምሄድበት ሰው ግን አይቻልም አለኝ። የማንኛቸው ነው ልክ?

መልስ፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ወንድሜ፣ ልክ ያንተው ሰው ነው። ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት የሚነዳ ማይል አይቀነስም። 5 ማይልም ይሁን 80፣ ባቡር የማይደርስበት ሰፈር ብትኖርም፣ የሌሊት ፈረቃ ብትገባም ያው ነው። አይአርኤስ፣ የፌዴራሉ ታክስ መሥሪያ ቤት፣ እንደ ግል ወጪ ነው የሚያየው።

ሰው የሚምታታበት ምክንያት ግን አለ። እስከ 2017 ድረስ ተቀጣሪ ለሥራው ጉዳይ የነዳውን፣ ለምሳሌ ከአንዱ ቅርንጫፍ ወደ ሌላው የሄደበትን፣ አሠሪው ካልከፈለው የሚቀንስበት መንገድ ነበር። ከ2018 ጀምሮ ከጥቂት ሙያዎች በስተቀር ያ ቆመ። በ2025 የወጣው ሕግ ደግሞ ጨርሶ ዘጋው። ካሊፎርኒያ፣ ኒውዮርክና ፔንሲልቬንያ በስቴት ታክሳቸው ላይ አሁንም ይፈቅዳሉ። እዚያም ቢሆን የቤትና የሥራ ምልልስ አይገባም።

ስለ ጓደኛህ በጣም አሳስቦኛል። ደብሊው ቱ ብቻ ያለው ሰው ፎርሙ ላይ ይህን ማይል የሚያስገባበት ቦታ የለውም። ታክስ ሠሪው የሌለ ንግድ ፈጥሮ ስኬጁል ሲ፣ ማለትም ባለ ንግድ ገቢና ወጪውን የሚያሳይበትን ፎርም፣ ሞልቶለት ሊሆን ይችላል። ይሄ ነገር በእኛ ሰው ላይ ሲደርስ ሳይ ያናድደኛል። የሚፈርመው ጓደኛህ ነው። ደብዳቤው የሚመጣው እሱ ቤት ነው። የጎደለውን ታክስ ከነወለዱ፣ ከዚያም በላይ 20 ፐርሰንት ቅጣት ሊከፍል የሚችለው እሱ ነው። የተሞላውን ወረቀት ኮፒ ይቀበልና ስኬጁል ሲ የሚል ገጽ እንዳለው ይይ። ካለው፣ ደብዳቤ ሳይመጣበት በማስተካከያው ፎርም፣ በ1040-ኤክስ ያስተካክል። ዛሬ ነገ አይበል።

ኡበሩ ግን ሌላ ነው። እዚያ ተቀጣሪ አይደለህም፣ ባለ ንግድ ነህ። በ2025 ለነዳኸው ለእያንዳንዱ የሥራ ማይል 70 ሳንቲም ትቀንሳለህ። ለ2024 67 ሳንቲም ነበር። የሚቆጠረው ሰው ይዘህ የሄድክበት ብቻ አይደለም። ጥሪ ተቀብለህ ሰው ልታነሳ የምትነዳው፣ አውርደህ አፑ ክፍት ሆኖ ሌላ ጥሪ ፍለጋ የምትዞረውም ይገባል። አፑን ዘግተህ ከቤትህ ደላስ ኤርፖርት ድረስ ከነዳህ ግን ያ ወደ ሥራ መሄድ ነው።

በቁጥር እንየው። ኡበር ተሳፋሪዎች የከፈሉትን ጠቅላላ ብር በሚያሳውቅበት ፎርም፣ 1099-ኬ ላይ 52,000 ዶላር ተጽፎ መጣ እንበል። ያን ያህል ብር በእጁ ስላልገባ ብዙ ሰው ይደነግጣል። ኡበር የወሰደው ድርሻም እዚያው ውስጥ አለ። ድርሻው 14,000 ከሆነ 38,000 ይቀራል። 25,000 የሥራ ማይል ነድተህ ከሆነ በ70 ሳንቲም 17,500 ነው። የተጣራው ገቢ 20,500 ሆነ። ለሶሻል ሴኪዩሪቲና ለሜዲኬር ባለ ንግድ የሚከፍለው 15.3 ፐርሰንት በዚህ ላይ ወደ 2,900 ዶላር ይመጣል። ማይሉን ባታስገባ ወደ 5,400 ይሆን ነበር። የገቢ ታክሱን ገና አላነሳሁም።

70ው ሳንቲም ውስጥ ቤንዚን፣ ዘይት፣ ጎማ፣ ጥገና፣ ኢንሹራንስና የመኪናው እርጅና ሁሉ አለ። ስለዚህ የቤንዚን ደረሰኝ ደግመህ አታስገባም። ለሥራ የከፈልከው ቶልና ፓርኪንግ ግን ለብቻው ይቀነሳል። የመኪናው ወርሃዊ ክፍያ አይቀነስም። ከብድሩ ወለድ ለሥራ በነዳህበት መጠን ይቀነሳል። በማይል ፈንታ እውነተኛ ወጪህን መቀነስም ትችላለህ፤ ነገር ግን የራስህን መኪና ለሥራ ባዋልክበት በመጀመሪያው ዓመት በማይል ካልጀመርክ፣ በዚያ መኪና ኋላ ወደ ማይል መምጣት አትችልም።

ዋናው መዝገቡ ነው። ቀን፣ የት፣ ለምን፣ ስንት ማይል። አንድ የማውቀው ሹፌር ከፀሐይ መከላከያው ላይ በላስቲክ ያሰራት ትንሽ ደብተር አለችው። ሥራ ሲጀምር ኦዶሜትሩን ይጽፋል፣ ሲያበቃም ይጽፋል። አይአርኤስ ሲጠይቀው የገጾቹን ኮፒ ላከ፣ ጉዳዩም ተዘጋ። ኡበር በዓመቱ መጨረሻ የሚልከው ማጠቃለያ ይረዳል፣ ግን የራስህን መዝገብ አይተካም።

ብዙ ሰው የማያስበው ሌላ ነገር አለ። ማይሉ ታክስህን ሲቀንስ በወረቀት ላይ ያለውን ገቢህንም ይቀንሳል። ባለቤትህን ከአገር ቤት ለማምጣት የስፖንሰርነቱን ፎርም አይ-864 ስትሞላ፣ ከኡበሩ የሚታይልህ 52,000ው ሳይሆን 20,500ው ነው። በቤተሰብህ ብዛት ከተወሰነው የድህነት መስመር 125 ፐርሰንት መድረስ አለብህ። አንተ የሆስፒታሉ ደመወዝ ስለሚደመርልህ ላያሳስብህ ይችላል። ኡበር ብቻ የምትነዱና ቤተሰብ ለማምጣት የምታስቡ ግን ቀድማችሁ አስሉት፤ የማይሞላላችሁ ከሆነ ተጨማሪ ስፖንሰር ከአሁኑ ፈልጉ። የቤት ብድር ሲጠየቅም ባንኩ የሚጀምረው ከተጣራው ገቢ ነው።

ወደ ሆስፒታሉ ምልልስ ልመለስ። ሂውማን ሪሶርስ ሄደህ ኮምዩተር ቤነፊት እንዳላቸው ጠይቅ። ካላቸው ለሜትሮና ለባስ በወር እስከ 325 ዶላር፣ ለፓርኪንግ ደግሞ ሌላ 325 ከታክስ በፊት ከደመወዝህ ይቆረጥልሃል፤ ይህ የ2025 ጣሪያ ነበር። ቤንዚን አይገባበትም። ዲሲ ውስጥ 20ና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ የትራንስፖርቱን ቤነፊት የማቅረብ ግዴታ አለበት። ስለማንጠይቅ ብቻ ነው የሚያመልጠን።

ጥያቄ፤ ከሎስ አንጀለስ

እግዚአብሔር ይስጥልን። እኔ ሆም ኬር ነኝ፣ ደብሊው ቱ። ጠዋት አንዲት አሮጊት ጋ፣ ከሰዓት ሌላ ሽማግሌ ጋ እነዳለሁ። ኤጀንሲው ለቤንዚንም ለመንገዱ ሰዓትም አይከፍለኝም። እኔስ ምንም የለኝም?

መልስ፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ

እህቴ፣ አለሽ እንጂ። አንቺ ገንዘቡን የምትጠይቂው ከታክስ ሳይሆን ከአሠሪሽ ነው። በፌዴራል ሕግ በሥራ ቀን መሃል ከአንዱ ታማሚ ቤት ወደ ሌላው የምትነጂበት ሰዓት የሥራ ሰዓት ነው፣ ሊከፈልሽ ይገባል። በካሊፎርኒያ ሕግ ደግሞ አሠሪ ሠራተኛው ለሥራው ያወጣውን አስፈላጊ ወጪ መመለስ አለበት፤ የመኪናውም እዚያ ውስጥ ነው። ማይሉን መዝግበሽ አቅርበሽ በ70 ሳንቲም ቢመልሱልሽ እንደ ገቢ አይቆጠርም፣ ታክስም የለበትም። ከቤትሽ ወደ አሮጊቷ፣ ማታም ከሽማግሌው ወደ ቤትሽ የምትነጂው ግን አይገባም። ቀኑንና ማይሉን ጽፈሽ በኢሜይል ጠይቂያቸው፣ በቃል ብቻ አይሁን። እምቢ ካሉ የካሊፎርኒያ ሌበር ኮሚሽነር ቢሮ ክሌም ይቀበላል። ለማስገባት ጠበቃ አያስፈልግሽም።