እኔ ባጠፋሁት ጥበቃው ሊከፍል ነው፣ ምን ላድርግ?

የማታ ሰው፦
ሰላም ቤቶች፣ ለማን እንደምነግር ግራ ቢገባኝ ነው እዚ ምጽፈው። ያለፈው ረቡዕ ማታ 5 ሰዓት አካባቢ የወንድሜን መኪና ይዤ ግቢ ስገባ (ኮንዶሚኒየም ነው ምንኖረው፣ ፓርኪንጉ ደሞ 20 መኪና ሚችል ሆኖ 35 ነው ሚታጨቅበት) ሪቨርስ ሳደርግ የጎረቤት ቪትዝ ስፖኪዮ ተሰበረብኝ። ወርጄ አየሁት፣ መስታወቱ ረግፏል ሽፋኑ ተንጠልጥሏል። መብራት የለም፣ ሰው የለም፣ እኔም ደክሞኛል፣ ጠዋት እነግራቸዋለሁ ብዬ ገባሁ። ጠዋት ደግሞ እንቅልፍ ጣለኝና ሰዓቱ ሄደብኝ፣ ሰርቪስ ሊያመልጠኝ ሆነ። ማታ ስመለስ ነገሩ ሌላ መልክ ይዞ ጠበቀኝ። ባለመኪናዋ ትልቅ ሴት ናቸው፣ እትዬ ነው ምንላቸው፣ ሌባ ሊነቅለው ሲታገል ነው የሰበረው ብለው ለኮሚቴ አመለከቱ። ስፖኪዮ እዚ ከተማ እንዴት እንደሚሰረቅ ታውቁታላችሁ ማንም ሌላ ነገር አልጠረጠረም። ኮሚቴው ደሞ የዛን ሌሊት ተረኛውን ጥበቃ ተኝተህ ነው፣ ከደሞዝህ ይቆረጣል ብሎታል።
ይኸው ስድስት ቀን ሆነኝ። ሰውየውን በር ላይ ሳየው ሰላም ማለት ራሱ ከብዶኛል። አሁን ብናገር እስካሁን የት ነበርክ ሊሉኝ ነው። ብሩን ፖስታ ውስጥ አድርጌ በእትዬ በር ስር ባስገባውስ? ኃላፊነት መውሰድ ማለት የግድ ፊት ለፊት ወጥቶ መናገር ነው ወይስ ጉዳቱን መክፈል ይበቃል?

ጋራዥ ሰፈር፦
ወንድም አታካብድ። ሶማሌ ተራ ውረድ፣ የቪትዝ ስፖኪዮ ያገለገለም አዲስም ታገኛለህ፣ የግራና የቀኙን ብቻ እንዳታምታታው። ዋጋውን ጠይቅ፣ የመግጠሚያውን ጨምርበት፣ ፖስታ ውስጥ ክተት አለቀ። ሴትዮዋ ሚፈልጉት መስታወት ነው ያንተን ኑዛዜ አይደለም።

ሚሚ ዘ ቦሌ፦
አንድ ነገር ልበልህ እንዳትቀየመኝ። ጽሁፍህን ሁለቴ አነበብኩት። ስፖኪዮው "ተሰበረብኝ"፣ እንቅልፍ "ጣለኝ"፣ ሰዓቱ "ሄደብኝ"፣ ሰርቪሱ "ሊያመልጠኝ"፣ ነገሩ "ጠበቀኝ"። "ሰበርኩ" ምትል ቃል አንድ ቦታ የለችም! አማርኛችን ለዚ ነገር ሲመች ጉድ ነው እኮ፣ ሰባሪው "ብኝ" ትጨመርለትና እሱ ራሱ ተጎጂ ይሆናል። ብርጭቆ የጣለ ልጅ "እማዬ ተሰበረ" እንጂ "ሰበርኩት" ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ራሴ ባለፈው አለቃዬን ፋይሉ ጠፋብኝ አልኩት፣ ዲሊት ያረኩት እኔ ነኝ 😂 ኃላፊነት ሚለው ቃልም እኛ ጋ ወንበር ነው ሚያስታውሰን፣ "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ነገ ተመለስ" ሚባልበት ወንበር። ስለዚ ጥያቄህን ከመመለሴ በፊት እስቲ "የእትዬን ስፖኪዮ ሰበርኩ፣ ሳልናገርም ቀረሁ" ብለህ ጻፈው።

ዘ ሪል አቤ፦
ሚሚ ሰዋሰው አስተማሪ ሆንሽ እንዴ። "ተሰበረብኝ" ማለት እኮ ሆን ብዬ አይደለም ማለት ነው፣ ውሸት አይደለም። በጨለማ በጠባብ ቦታ ሪቨርስ ሲያደርግ የነካ ሰው እና በድንጋይ የሰበረ ሰው እኩል ናቸው? ልጁ ቢያንስ ሕሊናው ወቅሶት መጥቶ ጠየቀ፣ ስንቱ ገጭቶ ዞር ሳይል እየሄደ።

ሚሚ ዘ ቦሌ፦
አቤ እሺ ስፖኪዮው ተሰበረበት፣ እሱን ተውኩልህ። ስድስት ቀን ዝም ማለቱስ? "ዝም ተባለብኝ" አይባልም፣ ዝም ብሎ ነው።

ጥቁር ካባ፦
ሕግ ተምሬያለሁ፣ ስለዚ በዛ በኩል ያለውን ልበል። ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2028ን ብታየው በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ይክሳል ነው ሚለው፣ ጥፋቱ ደሞ በአንቀጽ 2029 መሠረት ሆን ተብሎም በቸልተኝነትም ሊሆን ይችላል፣ ስለዚ የአቤ ክርክር ለሕሊና እንጂ ለካሳው ብዙም አይጠቅምም። ደግሞ መኪናው የወንድምህ ነው ብለሃል፣ አንቀጽ 2081 ላይ የመኪና ባለቤት ሌላ ሰው እየነዳው ለደረሰ ጉዳትም ይጠየቃል ይላል፣ ስለዚ በዝምታህ ውስጥ ወንድምህም አለበት፣ ንገረው። የሶስተኛ ወገን ኢንሹራንስ በአዋጅ 799/2005 ግዴታ ስለሆነ መኪናው ይኖረዋል፣ ግን አደጋው ወዲያው ሪፖርት አልተደረገም፣ ለአንድ ስፖኪዮ ብለህ አሁን ሄደህ ብትደክም አታተርፍም፣ ከኪስህ ክፈል።
እኔን ያናደደኝ ግን ኮሚቴው ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 59 መሠረት የሠራተኛ ደሞዝ ሚቆረጠው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው ራሱ በጽሁፍ ሲስማማ ነው፣ ያኔም ከወር ደሞዙ ሲሶ ማለፍ አይችልም። "ተኝተህ ነው" ብሎ በስብሰባ ተነስቶ መቁረጥ የለም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው ነገሩ። ጥበቃው ይሄን ላያውቅ ይችላል፣ አንተ ግን ይኸው አወቅክ።

የዘበኛ ልጅ፦
ብዙ ጊዜ እዚ አልጽፍም አንባቢ ነኝ ግን ይቺን ማለፍ አልቻልኩም። አባቴ ጥበቃ ነበር፣ እኔም ታናሾቼም በዛ ደሞዝ ነው ያደግነው። አንዴ ተረኛ በነበረበት ሌሊት ከቆመ መኪና ጎማ ጠፋና ከደሞዙ ሶስት ወር ቆረጡበት፣ እናቴ እንጀራ መሸጥ የጀመረችው ያኔ ነው። በኋላ ጎማውን ያወጣው የዛው ግቢ ልጅ መሆኑ ታወቀ፣ ቤተሰቦቹ ብሩን መለሱለት፣ ግን ያው በጓዳ ነው የመለሱት፣ ልጃቸው እንዳይዋረድ። ግቢው ውስጥ ግን አባቴ "እንቅልፋሙ" እንደተባለ ቀረ። ጡረታ እስኪወጣ። ማታ ማታ ነቅቶ መሆኑን እንዲያውቁለት ፉጨት ያፉጭ ነበር፣ ሰው ሲገባም ባይገባም።
ስለዚ ስለ ፖስታው የጠየቅከው፣ ፖስታ ለመስታወቱ ይሆናል። ያ ሰውዬ ተኛ ተብሎ ነው የተወራበት፣ እሱን በፖስታ አትመልሰውም።

ጋራዥ ሰፈር፦
እሺ ይሄን አላሰብኩትም ነበር። የፖስታውን ሀሳብ አንስቻለሁ።

የማታ ሰው፦
ሁላችሁንም አንብቤያለሁ አመሰግናለሁ፣ የአባትሽን ታሪክ ካነበብኩ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ወይም ሚሚ እንዳትቆጣኝ፣ አልተኛሁም 😅
ትናንት ከስራ እንደወጣሁ ለወንድሜ ነገርኩት፣ ሰደበኝ፣ ከዛ አብሬህ ልሂድ አለኝ፣ እምቢ ብዬ ብቻዬን እትዬ ጋ ወጣሁ። ያሰብኩትን ሁሉ ረሳሁትና በሩ ላይ ቆሜ "ስፖኪዮዎን የሰበርኩት እኔ ነኝ፣ ሌባ አይደለም" አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝ። ከዛ ያልጠበቅኩት ነገር፣ ስለ መስታወቱ አንድም ነገር አላሉም፣ "ያን ምስኪን ሰውዬ በአደባባይ ስንት ነገር ተናገርኩት" ብለው ቁጭ አሉ። ይቅር አላሉኝም፣ አልረገሙኝምም፣ ሻይ ግን አልቀረበልኝም። ቅዳሜ ሶማሌ ተራ ሄጄ ገዝቼ አስገጥማለሁ ተባብለናል። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋም ደውዬ ነገርኩት፣ አንቀጽ 59ንም ጠቀስኩለት፣ "ደሞዙን እንተወዋለን" አለኝ በቃ።

የዘበኛ ልጅ፦
ጥበቃውስ? ለሱ ማን ነገረው?

የማታ ሰው፦
ገና ነው። እውነቱን ልንገርሽ ከሁሉም የከበደኝ እሱ ነው፣ በኮሚቴው በኩል ይሰማል ብዬ ነበር።

የዘበኛ ልጅ፦
በኮሚቴው በኩል "ደሞዝህ ተትቷል" ነው ሚሰማው። ምሕረት ያደረጉለት ነው ሚመስለው እኮ።

ሚሚ ዘ ቦሌ፦
ደሞ ለብቻው ጥግ ወስደህ አይደለም። ስትነግረው ሰው ይስማ፣ ሲሰደብ ሰው ሰምቷላ።

የማታ ሰው፦
ዛሬ ማታ ተረኛ እሱ ነው። 1 ሰዓት ላይ ሰው ሁሉ ከስራ ሚገባበት ስለሆነ በሩ ጋ እጠብቀዋለሁ። ስሙን ራሱ አላውቀውም ነበር፣ አሁን ከእትዬ ጠይቄ ነው ያወቅኩት።