ድራመር ባንድ መምራት ይችላል ወይ?

የማርቆሱ ድራመር፦
ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሠርግና ምርቃት የምንሠራ ትንሽ ባንድ አለን። ኪቦርድ፣ ቤዝ፣ ማሲንቆ፣ ሁለት ዘፋኝ፣ ድራም ላይ ደግሞ እኔ። ይመራን የነበረው ኪቦርዲስት አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ሄደ። ልጆቹ አሁን አንተ ምራን ይሉኛል። ቤዙ ግን «ከኋላ ተቀምጦ የሚመራ የት አለ?» እያለ ያሾፍብኛል።

ነገሩ አስግቶኛል። ጥር ላይ ደጀን አንድ ሠርግ ሠርተን ነበር። ዘፋኙ ሙሽሪትን ማወደስ ጀመረና አልጨርስ አለ። ማሲንቆው አቆመ፣ ቤዙ ቀጠለ፣ እኔ መሀል ቤት ቀረሁ። ደግነቱ እስክስታው ደርቶ ስለነበር ማንም ልብ አላለም። በጃዝ ዘመን ባንድ ይዞ ከተማ ለከተማ የዞረ ድራመር ነበር ሲባል ሰምቻለሁ። ማን ነው? እንዴትስ ይመራ ነበር?

የድሮ ኪነት፦
ልጄ፣ ሰውየው ቺክ ዌብ ይባላል። የባልቲሞር ልጅ ነው። በልጅነቱ የአከርካሪ ቲቢ ይዞት ጀርባው ጎበጠ፣ ቁመቱም አጥሮ ቀረ። ጋዜጣ እየሸጠ ነው ድራም የገዛው ይባላል። በ1920ዎቹ ኒው ዮርክ ገብቶ ገና በወጣትነቱ የራሱን ባንድ ያዘ። (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምቆጥርልህ።) በ1930ዎቹ እዚያው ኒው ዮርክ፣ ሃርለም ሰፈር ያለው ሳቮይ የሚባል ትልቅ የዳንስ አዳራሽ ቤቱ ሆነ።

እንዴት መራ ላልከው፣ መጀመሪያ ነገር ከኋላ አልተቀመጠም። ድራሙ መሀል ላይ፣ ከፍ ካለ መድረክ ላይ ነበር። ነፊዎቹ በሙሉ ያዩታል፣ እሱም ያያቸዋል። እኛ በኪነት ጊዜ ድራሙን ጥግ ወስደን እንወሽቀው ነበር። ከዚያ ደግሞ ድራመሩ አይሰማም ብለን እንቆጣለን! በእግር የሚመታው ትልቁ ድራም፣ ቤዝ ድራሙ፣ 28 ኢንች ነበር። ያንተ 22 ቢሆን ነው።

ሁለተኛ፣ ኖታ አያነብም። ነፊዎቹ ወረቀት ዘርግተው ሲለማመዱ እሱ ቁጭ ብሎ ይሰማል። የሳክስፎኑንም የትራምፔቱንም ድርሻ በቃሉ ይይዘዋል። ዋሸራ ቅኔ የቆጠረ ሰው ይኼ አይደንቀውም፤ ከመምህሩ አፍ የሰማውን ይዞ ነው የሚያድረው። የሁሉን ድርሻ በልብህ ከያዝክ ማን እንደሳተ ወዲያው ታውቃለህ። መምራት ማለት ለእኔ ይኼው ነው።

ግንቦት 11 ቀን 1937 ክላሪኔት ነፊው የባንድ መሪ ቤኒ ጉድማን በዝናው ጫፍ ላይ ሳለ ሳቮይ ድረስ መጥቶ ባንድ ለባንድ ገጠመው። በእኛ ግንቦት 3 ቀን 1929 መሆኑ ነው፤ ጎጃም ከጣሊያን ጋር በምትተናነቅበት ዘመን። አዳራሹ ሞልቶ ሰው ደጅ ቀረ። ቺክ አሸነፈ። የጉድማን ድራመር ጂን ክሩፓ፣ ራሱ ስመ ጥር፣ እጅ ነሳው።

ባሕር ዳር ቤዝ፦
ጋሼ፣ ሙሉውን ይንገሩት እንጂ። አገሩ በሙሉ ያወቀው በድራሙ አይደለም፣ በኤላ ፊትዝጄራልድ ነው። ልጅቷ በ1934 አፖሎ ቲያትር የአማተሮች ውድድር አሸነፈች፣ በ1935 ባንዱን ተቀላቀለች። በ1938 ከልጆች መዝሙር ተነሥታ የዘፈነችው ዘፈን አገር አዳረሰ። ዞሮ ዞሮ ማይክ የያዘ ነው ባንድ የሚሸጠው። ማይክ የያዘው ይምራ ባይ ነኝ።

የድሮ ኪነት፦
መሸጥና መምራት ለየቅል ናቸው። ቺክ ኤላን መጀመሪያ ሲያያት አልጣመችውም ነበር። ቢሆንም ዬል ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ዳንስ ላይ ሞከራት። ተማሪው ወደዳት፣ ያዛት። ከዚያ የባንዱን ሥራ ለድምፅዋ እንዲስማማ አደረገው። ይኼን ዘፋኝ አይሠራልህም።

ዙረቱ ግን ጎዳው። ሕመሙ እየጠናበት፣ ቦታውን አንዳንዴ ለሌላ ድራመር እየለቀቀ፣ ከመንገድ አልወጣም አለ። ሰኔ 16 ቀን 1939 እዚያው ባልቲሞር፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ዐረፈ። ባንዱ በኤላ ስም እስከ 1942 ሠራ። የማይበተን ባንድ ትቶ መሄድም አንድ ሙያ ነው።

የማርቆሱ ድራመር፦
ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ቤዙን አሁኑኑ አስነብበዋለሁ። የደጀኑ ዓይነት ነገር ሲመጣስ ምን ላድርግ?

የድሮ ኪነት፦
ድራሙን መሀል አምጣው፤ ዘፋኙ አንገቱን ትንሽ ሲያዞር ዓይን ለዓይን ትገጣጠሙ። አንድ ብሬክ፣ ማለትም አጭር የድራም መቁረጫ ምት፣ ምረጡ፤ ያ ብሬክ የማብቂያ ብቻ ይሁን፣ ሌላ ቦታ እንዳትመታው። ችክችካ ላይ ዘፋኙ ግጥም ሲያረዝም አብረኸው አትጩህ። ሃይ ሃቱን (በእግር የሚከፈት የሚዘጋውን ጥንድ ጸናጽል) ዝጋ፣ ምትህን ዝቅ አድርግ። ሥሩ ሲሳሳበት ራሱ ዞሮ ያይሃል። ያኔ ብሬኩን ስጠው።

ማሲንቆ መቺው ሲጫወት ዓይኑን የሚጨፍን ከሆነ አጠገብህ አስቀምጠው፣ በእግርህ ነካ ታደርገዋለህ። ያንን ቤዝህን ደግሞ በኪክህ (በቤዝ ድራምህ) በኩል አቁመው። ከኪክ ጋር ካልገጠመ የትኛውም ምልክት አያድናችሁም።