የጃፓን ሜፕል ቦንሳይ፦ የቅጠሉ ጫፍ እየደረቀ ነው፣ ቫዞውን አሁን ልቀይርለት?

ጀማሪው፦
ሰላም ለሁላችሁ። የጃፓን ሜፕል ቦንሳይ (ቫዞ ውስጥ አጥሮ እንዲያድግ የሚደረግ ዛፍ) አለኝ። ቅጠሉ ሲወጣ እንዴት ያምር ነበር! ሙቀቱ ሲበረታ ግን የቅጠሎቹ ጫፍ እየደረቀ ቡናማ መሆን ጀመረ። ሁልጊዜ ማታ ማታ አንድ ብርጭቆ ውሃ አጠጣዋለሁ፤ ውሃው አፈሩ ላይ ተኝቶ ይቆይና በጠርዝ በጠርዙ ይወርዳል። ከታች በማፍሰሻው ቀዳዳ ሥሩ ብቅ ብሏል። ቦታ የጠበበው መሰለኝ፣ ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሌላ ቫዞ ላዛውረው ነው። እግረ መንገዴን ሥሩን ልከርክም፣ ቀጥ ብሎ ያደገውን ግንድ በሽቦ ላጣምም፣ የረዘሙትንም ቅርንጫፎች ላሳጥር። ሁሉንም በአንድ ቀን ብገላገለው ምን ይመስላችኋል?

ሥረ ብዙ፦
ኧረ ቆይ ወንድሜ! ሥሩን አሁን እንዳትነካው። ቅጠሉ ሙሉ ለሙሉ ተዘርግቶ በሙቀቱ ውሃ እየተነነበት ባለ ሰዓት ሥሩን ከቆረጥክበት ቅጠሉ የሚፈልገውን ውሃ ከየት ያመጣል? ያኔ ጫፉ ብቻ ሳይሆን ቅርንጫፉም ሊደርቅ ይችላል። የሜፕል ቫዞ የሚቀየረው ቅዝቃዜው ሊያልቅ ሲል ነው፣ ቡቃያው አብጦ ገና ሳይፈነዳ። በጣም ጠቦታል ካልክ፣ አፈሩን ሳትበትን እንዳለ አንሳውና ሰፋ ያለ ቫዞ ውስጥ አስቀምጠው፣ ዙሪያውን በአፈር ሙላው። እስከዚያ ያቆየዋል።

እኔ የምጠረጥረው ውሃውን ነው። ሥር የሞላው አፈር ውሃ ቶሎ አያሰርግም። አንዷ ብርጭቆ በጠርዙ ወርዳ ታልቅና መሃሉ ደረቅ እንደሆነ ይቀራል። ቫዞውን ውሃ የሞላ ሳፋ ውስጥ ንከረው፣ አረፋ መውጣቱን ሲያቆም አውጣና ይንጠፍጠፍ። ከዚያ በኋላ ስታጠጣ ከታች እስኪፈስ አጠጣ፣ ትንሽ ቆይተህ ድገመው። በቀን ስንቴ ለሚለው ቁርጥ ያለ መልስ የለም። ስንጥር አፈሩ ውስጥ ሰክተህ አውጥተህ እይ፤ ላይ ላዩ መድረቅ ጀምሮ ውስጡ ገና እርጥብ ሲሆን ነው ማጠጣት። በሐሩር ጊዜ በቀን ሁለቴም ሊሆን ይችላል። ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ ደግሞ ብዙ ቀን ሊቆይ ይችላል።

ጥላ ወዳድ፦
በሥሩ ጉዳይ እስማማለሁ፣ ግን ሳይታይ ንከረው ማለት ትንሽ ያስፈራኛል። መጀመሪያ ቅጠሉን ያዘው። ጠርዙ እንደ ወረቀት ከተሰባበረ ድርቀት፣ ንፋስ ወይም ኃይለኛ ፀሐይ ነው። ጠቁሮ ከተልፈሰፈሰና አፈሩ ከሸተተ ግን ሥሩ እየበሰበሰ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ መንከሩ ያባብሰዋል። አፈሩ ላይ ወይም የቫዞው ጠርዝ ላይ ነጭ ነገር ከተጋገረ ደግሞ ውሃህ ማዕድን ይበዛዋል፤ የዝናብ ውሃ ካገኘህ ተጠቀም።

ቦታውንም ቀይር። የጠዋት ፀሐይ ይድረሰው፣ ከቀትር በኋላ ጥላ ይሁን፣ ንፋስ አይምታው። የሜፕል ቅጠል ስስ ነው፣ አፈሩ እርጥብ ሆኖም ንፋስ ያደርቀዋል። የደረቀው ጠርዝ አይለመልምም፣ እሱን አትጠብቅ፤ አዲስ የሚወጣው ቅጠል ደህና ከሆነ ተሳክቶልሃል ማለት ነው። እስከዚያ ማዳበሪያ የሚባል ነገር አታሳየው።

መቀሴ፦
ስለ ቅርጹ ማንም አልመለሰልህም። ከአውራ ጣት የወፈረ ግንድ በሽቦ አይታጠፍም፣ ብትታገለው ይሰነጠቃል። ቀላሉ መንገድ ቫዞ ስትቀይር ዛፉን ዘንበል አድርጎ መትከል ነው። ሰው ይህን ይንቀዋል፣ ግን በትንሽ ማዘንበል ብቻ ሌላ ዛፍ ይመስላል።

ሽቦ ለቀጫጭን ቅርንጫፎች ይሁን፣ ለስላሳውን የአሉሚኒየም ተጠቀም። የሜፕል ልጥ ስስ ነው፣ በዕድገት ወቅት ሽቦው ቶሎ ይሰምጥና ጠባሳው ለዓመታት አይጠፋም። ስለዚህ በየሳምንቱ እየው። ስታወጣው እየቆራረጥክ አውጣ፣ መፍታት ቅርንጫፍ ያሰብራል።

አቆራረጡን በተመለከተ፣ የሜፕል ቡቃያ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው የሚወጣው። የረዘመውን ቅርንጫፍ የመጀመሪያውን ጥንድ ቅጠል አስቀርተህ ቁረጠው፣ ከዚያ ጥንድ ቅጠል መነሻ ሁለት አዲስ ቅርንጫፍ ይወጣል። ከአንድ ቦታ ሦስትና አራት ከወጣ ሁለቱን ብቻ አስቀር፣ አለበለዚያ ቦታው አብጦ ያስጠላል። ይህን ሁሉ ግን ዛፉ ካገገመ በኋላ። ቅጠሉን ሙሉ በሙሉ ማራገፍ የሚባለውንም አይተህ ይሆናል፣ እሱ የጤነኛ ዛፍ ሥራ ነው፣ ለአንተ አሁን አይሆንም።

ጀማሪው፦
አመሰግናለሁ፣ ጠርዙ የሚሰባበረው ዓይነት ነው፣ አፈሩም አይሸትም። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ፦ ከፀሐዩ ላሽሸው ብዬ ቤት ውስጥ ባስገባውስ? ወቅቱ ሲደርስ ደግሞ ሥሩን ምን ያህል ልቁረጥ፣ አፈሩስ ምን ይሁን?

ሥረ ብዙ፦
ቤት አታስገባው። ሜፕል የውጭ ዛፍ ነው፣ ቅጠሉን አርግፎ በቅዝቃዜ ማረፍ አለበት። ዕረፍቱን ካጣ በየዓመቱ እየደከመ ይሄዳል። ከባድ ውርጭ ካለ ግን ቫዞው ውስጥ ያለውን ሥር ከልለው፤ መሬት ላይ ከተተከለ ይልቅ ቫዞ ውስጥ ያለ ሥር ቶሎ ይጎዳል።

አፈሩ ፍርፋሪ ጠጠር ይሁን። አካዳማ የሚባለው የጃፓን የሸክላ ጠጠር ከፑሚስ (ቀዳዳ የበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ጋር ተደባልቆ ጥሩ ነው። ዱቄቱን በወንፊት አውጣው፣ ቀዳዳ የሚደፍነው እሱ ነው። ሥሩን ከውጭ ወደ ውስጥ በስንጥር እየፈታህ ከጠቅላላው ሲሶ ያህል ቁረጥ፤ ወፍራሙንና ቁልቁል የወረደውን ቅድሚያ ስጠው፣ ወደ ጎን የተዘረጉትን ቀጫጭኖቹን አስቀር። ስትሠራ ሥሩ እንዳይደርቅ ውሃ እየረጨህ። ቀዳዳው ላይ መረብ አድርግና ዛፉን በሽቦ ከቫዞው ጋር እሰረው፤ ከተነቃነቀ አዲሱ ሥር ይበጠሳል። ጠጠሩን በስንጥር እየወጋህ ክፍተቱን ሁሉ ሙላ፣ ከታች የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ አጠጣ። ማዳበሪያው ቅጠሉ ወጥቶ እስኪጠነክር ይቆይ።