ቅዳሜን ጎንደር ላይ ብቻዬን፦ ቀን ምን ልይ? ማታስ ቴአትር አለ?

ጠያቂ (ከደሴ)
ሰላም ጎንደሮች። ለሥልጠና መጥቼ ፒያሳ አካባቢ አርፌያለሁ። ሥልጠናው ዓርብ ያልቃል፣ በረራዬ እሁድ ጠዋት ነው። ቅዳሜ ሙሉውን የኔ ነው። አብረውኝ የመጡት ዓርብ ስለሚመለሱ ብቻዬን ነኝ። ሴት ነኝ፣ ከተማውን አላውቀውም፣ ከአስጎብኚ ኋላ መሮጥም አልፈልግም።
ሁለት ነገር ንገሩኝ። በአንድ ቀን ምኑን አይቼ ምኑን ልተው? ማታ ደግሞ መድረክ ላይ የሚታይ ነገር ይገኛል? ቴአትር ነፍሴ ነው። አዲስ አበባ በሄድኩ ቁጥር ብሔራዊ ወይም ሀገር ፍቅር ሳልገባ አልመለስም።

የአንገረብ ልጅ
እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ጀምሪ። ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ሲበተን፣ ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ ድረሺ። ከፒያሳ በእግር ይኬዳል፤ ዳገቱ ከከበደሽ ባጃጅ አለ። ነጠላ ያዢ። ጫማ ይወለቃል፣ በሴቶች በር ትገቢያለሽ።
ከገባሽ ቀና በይ። ጣሪያው ሙሉውን የመላእክት ፊት ነው፤ የትም ብትቆሚ ያዩሻል። እኔ በልጅነቴ የሚከታተሉኝ ይመስለኝ ነበር። ደርቡሾች በ1880 ከተማዋን ሲያቃጥሉ ይህች ቤተ ክርስቲያን ተርፋለች። አዛውንቶች «ንብ ወጥቶ መለሳቸው» ይላሉ። ስትወጪ የቅጥሩን ግንቦች ቁጠሪ፦ 12ቱ የሐዋርያት ምሳሌ ናቸው፣ መግቢያው ደግሞ የአንበሳ ቅርጽ አለው። ካልነገሩሽ አንበሳው አይታይሽም።

ከቀሃ ማዶ
ከዚያ ፋሲል ግቢ ነዋ። ቢያንስ ሁለት ሰዓት ስጪው። ሰው ሁሉ አፄ ፋሲል ግንብ ፊት ፎቶ ተነስቶ ይወጣል። አንቺ ግን ወደ ውስጥ ዝለቂ። የአድያም ሰገድ ኢያሱ ግንብ አናቱ የፈረሰው በመሬት መንቀጥቀጥና በ1933ቱ የእንግሊዝ ቦምብ ነው። ቴአትር ወዳጅ ነኝ ስላልሽ ደግሞ የአፄ ዳዊትን አዳራሽ እንዳታልፊው። አምስት ዓመት ብቻ ነግሦ ለዘፈንና ለጨዋታ አዳራሽ ያሠራ ንጉሥ ነው። አሁን ባዶ ግድግዳ ነው፣ ግን ቁጭ በይበት።
ትልቁ ምክሬ፦ ቲኬትሽን አትጣይ! የግቢው ቲኬት የፋሲል መዋኛንም ያስገባል። በር ላይ ግን አረጋግጪ፣ አሠራር ይለዋወጣል።

ጠያቂ
መዋኛው ከግቢው ይርቃል? ውሃ አለው?

ከቀሃ ማዶ
ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ውሃ የሚሞላው ለጥምቀት ነው፤ ከዚያ ውጪ ደረቅ ገንዳ ነው የምታዪው። ይሁን እንጂ ግንቡን አንቆ የያዘውን የዛፍ ሥር ለማየት ብቻ እንኳ ይኬዳል። ቁስቋምን ተዪው፣ ቀን አይበቃሽም።

እማማ ቁስቋም ሰፈር
ኧረ ወንድሜ፣ ምን ማለትህ ነው! ልጄ አትስሚው። ሁሉም የሚሄድበት ሄዳ፣ ማንም የማይሄድበትን ሳታይ ልትመለስ ነው? እቴጌ ምንትዋብ ያሠራችው ቦታ ነው። ቤተ መንግሥቱ ፈርሷል፤ ዝምታው ግን አለ። የእቴጌይቱ፣ የልጇ የኢያሱና የልጅ ልጇ የኢዮአስ አፅም እዚያው ነው። ገበያውን ቀንሺና ይህን ጨምሪ። ለገበያ ደሴም ገበያ አላት።

ከቀሃ ማዶ
እማማ፣ እሺ ይሁንልዎ። ከመዋኛው በባጃጅ ቅርብ ነው። ከ10 ሰዓት በኋላ ግን አትሂጂ።

የፒያሳ ካፌ
ምሳሽን በያይነቱ ብይ፣ ለአንድ ሰው ያመጡልሻል። ከምሳ በኋላ ማኪያቶ ይዘሽ ፒያሳን ዙሪ። የጣልያን ዘመን ሕንጻዎቹን እኛ በየቀኑ ስለምናያቸው ረስተናቸዋል። ፖስታ ቤቱንና ሲኒማ ቤቱን ከማዶ ሆነሽ እያቸው። ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ ጎሃ ሆቴል ያለበት ኮረብታ ላይ ውጪ። ከተማዋ ከነግንቧ ከታችሽ ናት።

አዝማሪ ወዳድ
ወደ ማታው ልምጣ። እውነቱን ልንገርሽ፣ አዲስ አበባ እንደለመድሽው ቅዳሜና እሁድ ተሰልፈሽ የምትገቢበት ቴአትር እዚህ አትጠብቂ። ተጓዥ ቡድን ሲመጣ ፖስተር ይለጠፋል፣ መኪና በድምፅ ማጉያ እየዞረ ይለፍፋል። ዓርብ ፒያሳ ላይ ግድግዳውን አንብቢ። ዩኒቨርሲቲው ግቢም ዝግጅት እንዳለ ጠይቂ።
ካልተገኘ አዝማሪ ቤት ግቢ። የኛ ቴአትር እሱ ነው፦ ማሲንቆ፣ አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት፣ ድርሰቱ ደግሞ አንቺ ነሽ። እንደገባሽ ልብስሽን፣ አቀማመጥሽን አይተው ይገጥሙልሻል። ግጥም መስጠት ከፈለግሽ «ተቀበል!» በይ፣ ሐረጉን ስትነግሪው ይቀበልሻል። ዝርዝር ብር ያዢ። ደግሞ ከዐቢይ ጾም በፊት መምጣትሽ ጥሩ ሆነ፤ በጾሙ ጭር ይላል።

የአዘዞዋ
እኔም ብቻዬን ስለምወጣ ልናገር። አዝማሪ ቤት በጊዜ ግቢ፣ ቤቱ ሳይሞላ። አጫዋቾቹ አጠገብ ተቀመጪ፤ ጥጉ የሰካራም ነው። መመለሻሽን ሳትይዢ አትግቢ። የሆቴልሽ ሰዎች የሚያውቁትን የባጃጅ ልጅ ይጥሩልሽ፣ ዋጋ ተነጋገሪ፣ ሰዓት ቁረጪለት። ማታ ባጃጅ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠራም እነሱን ጠይቂ፣ እንደ ወቅቱ ነው። አንድ ጊዜ ይህን ሳላደርግ ወጥቼ፣ የአዝማሪ ቤቱ ባለቤት ራሷ ነች ጋቢ ደርባ ቤቴ ያደረሰችኝ።

ጠያቂ (እሁድ ጠዋት)
አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ሆኜ ነው የምጽፈው። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።
ቴአትር አልነበረም፣ ግድግዳው ላይ የቆየ ፖስተር ብቻ። ሥላሴ ውስጥ ካሰብኩት በላይ ቆየሁ፤ አንገቴ እስካሁን ያመኛል። የዳዊት አዳራሽ ውስጥም እንደተባልኩት ተቀመጥኩ። ሁለት ልጆች መጥተው እስክስታ ሲለማመዱ አየሁ፣ ማን እንደላካቸው እንጃ። ቁስቋም ደርሻለሁ እማማ፣ ልክ ነዎት። ጎሃን ግን አልቻልኩም፣ እግሬ እምቢ አለ።
አዝማሪ ቤት 1 ሰዓት ላይ ገባሁ፣ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፣ ነጠላዬን ተከናንቤ። ሰውየው አንዴ አየኝና፦

እዩልኝ ይችን ሴት ብቻዋን ቁጭ ብላ፣
የፋሲል ግንብ መስላ ባጥር ተከልላ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ነጠላዬን አወረድኩ፣ መቶ ብርም ሰጠሁ። ባጃጁ በሰዓቱ መጣ።
ቲኬቱን ግን ጥዬዋለሁ። መዋኛው በር ላይ ቦርሳዬን ገልብጬ ብፈልግ የለም። ሁለተኛ ከፍዬ ገባሁ።

ከቀሃ ማዶ
«ቲኬትሽን አትጣይ» ብዬ ጽፌልሽ!