ቾንግቺንግ እናቴን ይዣት ልሂድ ወይስ ለጉልበቷ ይከብዳል?

ሳሮን_ፍራንክፈርት፦
ሰላም ወገኖች። ነሐሴ ላይ ለስራ ቾንግቺንግ አራት ቀን ነበርኩ፣ ቻይና ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው፣ እስካሁን ከአይኔ ላይ አልጠፋም። ከሆቴል ወጥቼ መሬት ላይ የምሄድ መስሎኝ ጥቂት እንደተራመድኩ አጥር ጋ ደርሼ ቁልቁል ሳይ ሌላ አስፋልት፣ ሌላ ገበያ፣ ከሱ ስር ደግሞ ወንዙ። ሆንግያዶንግ የሚባለው ገደሉ ላይ የተደገፈ ህንጻ በወንዙ በኩል ስትገቡ አንደኛ ፎቅ ነው፣ በሊፍት 11ኛ ወጥታችሁ በሩን ስታልፉ ግን እንደገና መኪና መንገድ ላይ ናችሁ። ሊዚባ የሚባለው ጣቢያ ላይ ደግሞ የከተማው ባቡር ሰው የሚኖርበት ባለ 19 ፎቅ ህንጻ ሆድ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ቆሜ አየሁ፣ ቪዲዮውን ሳይ የተቀነባበረ ነበር የሚመስለኝ።

ከሁሉም ልቤን የነካው ግን ሌላ ነው። ትንሽ ኑድል ቤት ውስጥ በዛ ሁሉ ሙቀት ላቤ ሲንቆረቆር አንዲት አሮጊት አይተውኝ እጄን ይዘው ፋን ስር አስቀመጡኝና ሙቅ ውሃ ቀዱልኝ፣ አንድም ቃል አንግባባም፣ እስክጨርስ ግን አጠገቤ ቁጭ አሉ። የዛን እለት ነው እማዬን ይዤ መመለስ አለብኝ ያልኩት።

እማዬ 67 አመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል። ጥቅምት ላይ ለመሄድ አስበናል፣ የጽጌን ጾም ትጾማለች፣ አሳማ ደግሞ በፍጹም። ሁለታችንም የጀርመን ፓስፖርት ስላለን ቪዛ አላስፈለገንም። እዛ የኖራችሁ እባካችሁ እውነቱን ንገሩኝ።

ቤዛ_የቾንግቺንጓ፦
ሳሮንዬ እኔ እዛ አራት አመት ተምሬያለሁ፣ ውሰጃቸው ባይ ነኝ፣ ግን አስበሽበት። ካርታው 300 ሜትር ብሎሽ 300ው በሙሉ ደረጃ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ቅርብ ነው ብለሽ በእግር እንዳትሞክሪ፣ ዲዲ በሚባለው የስልክ መተግበሪያ ታክሲ ጥሪ፣ ታክሲው ርካሽ ነው። ሆቴል ጂዬፋንግቤይ አካባቢ ያዢ፣ እግረኛ ብቻ የሚሄድበት ሰፊ ሜዳ መንገድ አለው፣ እናትሽ ማታ ማታ ወጣ ብለው ንፋስ ይቀበላሉ። ወንዙን የሚሻገረው የገመድ መኪና ደስ ይላቸዋል፣ ከ1987 ጀምሮ የሚሰራ ነው፣ ከአንድ ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፣ ወረፋው ግን እግር ይሰብራል፣ ጠዋት በጊዜ ሂዱ። እና በምንም ተአምር የኦክቶበርን የመጀመሪያ ሳምንት እንዳትመርጪ፣ የብሔራዊ በዓል እረፍት ነው፣ ሆንግያዶንግ ጋ ሰው ከመብዛቱ የተነሳ ድልድዩን ለመኪና ዘግተው ለእግረኛ የለቀቁበት ጊዜ አለ።

ጾሙ ላይ ግን ጠንቀቅ በይ፣ እኔም ተታልዬበታለሁ። ሆትፖት የሚባለው፣ ጠረጴዛ ላይ በሚፈላ መረቅ ውስጥ እየነከሩ የሚበሉት ምግብ፣ ቀይ መረቁ የሚሰራው በበሬ ሞራ ነው፣ ነጩን ስታዪ ጾም ይመስልሻል፣ እሱም ብዙ ጊዜ የአጥንት መረቅ ነው። ሻውሚየን የሚባለው የከተማው ኑድል ስጋ ባይኖረውም የአሳማ ስብ ጠብ ያደርጉበታል፣ «ቡ ያው ጁ ዮው» በያቸው፣ የአሳማ ስብ አልፈልግም ማለት ነው። «ዎ ቺ ሱ» ስትዪ ደግሞ ስጋ እንደማትበዪ ይገባቸዋል። የቡድሃ ቤተ መቅደስ አጠገብ ስጋ የማይገባባቸው ምግብ ቤቶች ይገኛሉ፣ ለእናትሽ እነሱን ፈልጊ።

ናቲ_ጓንዡ፦
እኔ እንኳን ቼንግዱ ይሻላቸዋል እላለሁ እህቴ። ከተማው ሜዳ ነው፣ ፓርኩ ውስጥ የቀርከሃ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ሻይ ሲጠጡ ውሃውን እየመጡ ይሞሉላቸዋል፣ ጉልበት የሚያም ሰው እረፍት እንጂ ዳገት ምን ያደርግለታል። ከቾንግቺንግ በፈጣኑ ባቡር አንድ ሰአት ከምናምን ነው፣ ትኬቱ በፓስፖርት ስለሆነ እንዳትረሱት። ለአንቺ ደግሞ ለማይጾመው ቀን፣ የሙስሊሞች የላንጆ ኑድል ቤት በየሰፈሩ አለ፣ በሬ እንጂ አሳማ አይገባበትም፣ እኛ ነጋዴዎቹ ጓንዡ ውስጥ የምንኖረው በሱ ነው።

ዳዊት_ቨርጂኒያ፦
ከመሄድሽ በፊት አሊፔይ የሚባለው የስልክ መክፈያ ላይ ቪዛ ካርድሽን አስገቢ፣ ብዙ ቦታ ካሽ ስትሰጪያቸው መልስ አያገኙም፣ ከ200 ዩዋን በላይ ስትከፍዪ 3 በመቶ ይቆርጥብሻል። የጀርመን ሲም በሮሚንግ ከያዝሽ ዋትሳፕ ይሰራል፣ የሆቴሉ ዋይፋይ ላይ ግን አይከፍትም፣ እናትሽ ከቤተሰብ ጋር ማውራት ሲፈልጉ እንዳይጨነቁ። በነገራችን ላይ 32 ሚሊዮን ህዝብ ያለው ከተማ እየተባለ የሚወራው ገጠሩን ጨምሮ ነው፣ ስፋቱ ኦስትሪያን ያክላል፣ እኔም ሄጄ እስካይ ድረስ አንድ ከተማ ብቻ ነበር የሚመስለኝ።

ሳሮን_ፍራንክፈርት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ናቲ ልክ ነህ፣ ግን እማዬ ባቡሩ ህንጻ ውስጥ ሲገባ ሳታይ አላስቀራትም፣ ስለዚህ ሁለት ቀን ቾንግቺንግ፣ የቀረውን ቼንግዱ አደርገዋለሁ፣ ከበዓሉ በኋላ። ቤዛዬ፣ ኑድል ቤቱ ሊዚባ ጣቢያ አጠገብ ካለው ደረጃ ስር ነው፣ በመኪና እታች ድረስ መግባት ይቻላል? አሮጊቷ እዛው ካሉ እማዬን ላስተዋውቃቸው ነው።